ፌስታሉ ውስጥ የነበሩት

ታማሚው የ67 ዓመት ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅሙ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ከሰባ ደረጃ ሥር ከሴት ልጃቸውና ከአራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ደም ግፊት አለባቸው፣ ለእሱም አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም በየቀኑ ይወስዳሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ፕሮስቴታቸው (ከፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧን የከበበው ዕጢ) ማደጉን ሐኪም ነግሯቸው ነበር፤ ሌሊት ሁለት ሦስቴ ለሽንት ከማስነሳት በቀር ስላላስቸገራቸው መድኃኒት ሳይጀምሩለት ቆዩ። ሲጋራ ካቆሙ ሃያ ዓመት አልፏል። ማንነታቸውን የሚያሳብቀውን ቀይሬ የቀረውን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

እኔ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ባለ አንድ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ሰፈርተኛው «ዶክተር» ይለኛል፤ ማረም ካቆምኩ ቆየሁ።

ባለፈው ኅዳር 19 ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ልጃቸው በክንዳቸው ደግፋ አስገባቻቸው። ጥቁር ፌስታል ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና «እህቴ፣ ከነዚህ ውስጥ የሚያሽለው የቱ ነው?» አለችኝ። ፌስታሉ ሲቀመጥ ጠርሙስ ከጠርሙስ ሲጋጭ ሰማሁ። ገልጬ አየሁት፤ ሦስት ጠርሙስ ሽሮፕ፣ ግማሹ ያለቀ የጉንፋን ክኒንና አንድ ስትሪፕ ፓራሲታሞል።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑብኝ?»

«ደረቴን አፍኖኛል ልጄ። አክታው እዚህ ጋ ተጣብቆ አልወጣም አለኝ። አሁን ደግሞ ልቤ ባሰ፤ ተቀምጬም ሰባ ደረጃን እንደወጣ ሰው ይደልቃል።»

ይህን ሲሉ ከኮታቸው ኪስ አጉሊ መነጽራቸውን ሊያወጡ ሞከሩ። እጃቸው ከመንቀጥቀጡ የተነሣ የመነጽሩ ጠርዝ የባንኮኒውን መስተዋት ቶክ ቶክ ቶክ ያደርገው ነበር። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው እጅ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ጊዜ አያለሁ፤ እኚህ ሰው ግን የሰናፍጭ ቅንጣት የምታክል ፊደል በሁለት ጣት ሲያነሡ የኖሩ ናቸው። እጃቸው አይንቀጠቀጥም ነበር።

ወንበር ሰጥቼ አምስት ደቂቃ አሳርፌ ለካኋቸው። ግፊታቸው 176 በ98፣ የልብ ምታቸው በደቂቃ 118፣ ሙቀታቸው ደህና። ጣታቸው ላይ ያደረግኩት መለኪያ ኦክስጅናቸውን 94 አለ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ይህ ለብቻው አያስደነግጥም። ሲተነፍሱ አይቸገሩም፣ ዐረፍተ ነገር ሳይቆርጡ ያወራሉ፣ እግራቸው አላበጠም። ደም የቀላቀለ አክታ አላዩም።

ሌላ ጥያቄ ቀረኝ። ልጃቸው አጠገባቸው ስለነበረች «እስቲ ከሱቅ አንድ ውኃ አምጪልን» ብዬ ላክኋትና «ጋሼ፣ ሽንትዎስ?» አልኳቸው። በሩን አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከትናንት ማታ ጀምሮ እሄዳለሁ፣ ጠብ አይልም» አሉኝ። እምብርታቸው ሥር እጄን ሳሳርፍ ሆዳቸው እንደተነፋ ኳስ ጠንክሯል። ልጃቸው ፊት ቢሆን ኖሮ ይህን አይነግሩኝም ነበር፤ የአባትና የሴት ልጅ ነገር እንዲያ ነው።

እንግዲህ ሰውየው የመጡት ለሳል ሲሆን የያዛቸው ሌላ ነገር ነው። ወደ ሆስፒታል ከመላኬ በፊት ሐኪሙ ምን እንደወሰዱ ማወቅ አለበትና ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። ትክክለኛው ታሪክ ያኔ ነው የወጣው።

ጉንፋኑ የያዛቸው ኅዳር 8 ነው። መጀመሪያ ጉሮሮ፣ ከዚያ አፍንጫ፣ ከዚያ ወደ ደረት ወረደ። በኅዳር 12 ደግሞ እንደሚታወቀው ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር አዲስ አበባን የጨረሰውን የኅዳር በሽታ ለማባረር የተጀመረው ልማድ ነው ይባላል፤ ያ በሽታ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ጉንፋንን ለማባረር የሚጨሰው ጭስ ጉንፋን ላይ ያለን ሰው ደረት ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። በማግስቱ ሳላቸው ጠንቶ ወደ እኛ መጡ።

የመጀመሪያው ጠርሙስ እንግዲህ የኛው ነው። ጓይፈነሲን ብቻ ያለበት፣ በ5 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም፣ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ። ያለ ማዘዣ ከሚሸጡት አክታ ማውጫዎች ውስጥ ገሩ ይህ ነው። ጓያኩም ከሚባል ዛፍ የሚገኝ ሙጫ በድሮው ሕክምና ይሠራበት ነበር፤ የመድኃኒቱ ሥረ ነገር ከዚያ የመጣ ሲሆን በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ሥራው በአየር ቧንቧው ውስጥ ያለውን እርጥበት ጨምሮ አክታውን ማቅጠን ነው፤ ሳሉን አያቆምም፣ ሳሉ ፍሬ እንዲኖረው ያደርጋል እንጂ። ምን ያህል እንደሚረዳ ጥናቶቹ አይስማሙም። እኔ «ሞክሩት፣ ውኃ ካልጠጣችሁበት ግን ገንዘባችሁን አትጨርሱ» እላለሁ። ለአዋቂ በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም በየአራት ሰዓቱ፣ በቀን ከ2,400 ሳያልፍ ይወሰዳል። ከበዛ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ ራስ ያዞራል።

ሽፋኑ ላይ በባልደረባዬ እጅ ጽሑፍ «1 ማንኪያ በቀን 3 ጊዜ» ይላል።

«ጋሼ፣ በየትኛው ማንኪያ ነው የወሰዱት?»

«በማንኪያ ነዋ! በምንበላበት።»

የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፣ የሻይ ማንኪያ 5። ባልደረባዬ የሻይ ማንኪያ ማለቱ ነበር፤ «ማንኪያ» ብቻ ብሎ ጽፎ ላከ። ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣው ምልክት ያለበት ትንሽ የፕላስቲክ መለኪያ የት ሄደ ስል፣ ልጅቷ ከነውኃው ተመልሳ ገብታ ነበርና ሳቅና እፍረት ይዟት «ልጄ ለቡና ጨዋታዋ ወስዳዋለች፣ ስኒ ሆኗል» አለች።

አሁን የሚገርመው ነገር ይኸውላችሁ። 5 ሚሊ ሊትር ማለት 100 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ67 ዓመት ሰው ያንሳል። እርሳቸው በስህተት የወሰዱት 15 ሚሊ ሊትር 300 ሚሊ ግራም ስለሆነ ለአዋቂ በሚገባው ልክ ውስጥ ይወድቃል። እኛ አሳንሰን ጽፈን እርሳቸው ሳያውቁት አረሙልን ማለት ነው። በዚህ ጠርሙስ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ያ ማለት ግን እኛ ነፃ ነን ማለት አይደለም። ኮምፒዩተሩን ከፍቼ ሳየው ኅዳር 13፣ ኅዳር 15 እና ኅዳር 17 ተመሳሳይ ሽሮፕ ለኚሁ ሰው ሸጠናል። በተጻፈላቸው ልክ ቢወስዱ አንዱ ጠርሙስ ስድስት ቀን ሊያቆያቸው ይገባ ነበር። በሁለት ቀን ሲጨርሱ፣ ሲመለሱ፣ ደግሞ በሁለት ቀን ሲጨርሱ «ጋሼ፣ ይሄ እንዴት አለቀ?» ያለ ሰው የለም። የኅዳር 15ቱን የሸጥኩት እኔ ነኝ። «አልተሻለዎትም እንዴ?» ብዬ፣ ዋጋውን ተቀብዬ፣ መልሱን ሳልሰማ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞሬያለሁ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ያለው ፋርማሲ ሁሉ በጉንፋን ወቅት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንደ ምክንያት ግን አላቀርበውም።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ልጃቸው ናት ያመጣችው። ኅዳር 16 ከሥራ ስትመለስ ስታዲየም አካባቢ ካለ ሌላ ፋርማሲ ገብታ «ለአባቴ፣ አክታ የሚያወጣ፣ ጠንከር ያለ» ብላ ጠየቀች። ጠንከር ያለ! ይህቺን ቃል በቀን አሥር ጊዜ እሰማታለሁ። በሳል ሽሮፕ ዓለም «ጠንከር ያለ» ማለት ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር የተጨመረበት ማለት ነው። የተሰጣት ጓይፈነሲን 50፣ ብሮምሄክሲን 2 እና ሳልቡታሞል 1 ሚሊ ግራም በየ5 ሚሊ ሊትሩ ያለበት ሽሮፕ ነበር። ብሮምሄክሲን አክታውን የሚሰባብር ነው፤ የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው ሊጠነቀቅለት ይገባል፣ ሰውነት ላይ ሽፍታ ካወጣ ደግሞ ወዲያው ማቆም ነው። ሳልቡታሞል የአስም ሰዎች በሚነፋው የሚያውቁት ነው፤ የጠበበ ቧንቧ ይከፍታል፣ ሲጠጣ ግን ልብን ያስሮጣል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል። እኚህ ሰው አስም የለባቸውም። ለደም ግፊት ሰው ይህንን ያለ ሐኪም ወረቀት እኔ አልሰጥም፤ ልጅቷን «ግፊት አለባቸው?» ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም። እዚህም ላይ «1 ማንኪያ በቀን 3 ጊዜ» ተብሎ ተጽፏል።

ሦስተኛው የጎረቤት ነው። እትዬ «ለኔ ሌሊቱን ሙሉ ያስተኛኛል» ብለው ግማሽ ጠርሙሳቸውን አመጡላቸው። በደግነት ነው፤ ጦስኝ በማር አፍልተው አብረው አምጥተዋል፣ ጦስኙ ደግሞ ከሁሉም ይሻል ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በየ5 ሚሊ ሊትሩ ዳይፈንሃይድራሚን 14 ሚሊ ግራም ገደማና አሞኒየም ክሎራይድ ነው። አሞኒየም ክሎራይድ የድሮ አክታ ማውጫ ነው፣ ስለዚህ ሽፋኑ ላይ «አክታ ያወጣል» የሚል ስም አለው። ዳይፈንሃይድራሚን ግን የአለርጂ መድኃኒት ነው። ያስተኛል፣ ሳሉን ጋብ ያደርጋል፣ አፍና ጉሮሮን ያደርቃል፣ አክታንም አብሮ ያደርቃል። ቀን የሚቀጥነውን ማታ ያደርቁታል፤ ሰውየው «ተጣብቆ አልወጣም አለኝ» ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ማታ ማታ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይወስዱ ነበር፣ ወደ 84 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ለአዋቂ በአንድ ጊዜ ከ50 ማለፍ የለበትም።

ክኒኑ የጉንፋን ነው፤ ፓራሲታሞል 500፣ ሱዶኤፌድሪን 30፣ ክሎርፌኒራሚን 2 ሚሊ ግራም። ከጓደኛ የተሰጣቸው፣ በቀን ሦስት። ሱዶኤፌድሪን የታፈነ አፍንጫ ይከፍታል፤ የሚከፍተው የደም ሥሮችን አጥብቦ ነው፤ ግፊትም በዚያው ይወጣል። ክሎርፌኒራሚን የዳይፈንሃይድራሚን ታናሽ ወንድም ነው። ከዚያ ለራስ ምታት ብለው ብቻውን ፓራሲታሞል በቀን አራት ይጨምራሉ።

የማዘዣ ወረቀት ገልብጬ ጀርባው ላይ ደመርኩት። ልጅቷ አብራኝ ታያለች፣ ጋሼም አጉሊ መነጽራቸውን በሁለት እጅ ይዘው ያያሉ።

ጓይፈነሲን ከመጀመሪያው ጠርሙስ 900፣ ከሁለተኛው 450፣ በጠቅላላው 1,350 ሚሊ ግራም በቀን። ከጣሪያው ገና ብዙ ይቀረዋል። ሳልቡታሞል 9 ሚሊ ግራም፤ በሻይ ማንኪያ ቢሆን ከሚሆነው ሦስት እጥፍ። ሱዶኤፌድሪን 90። ፓራሲታሞል 1,500 ከክኒኑ፣ 2,000 ከስትሪፑ፣ ድምሩ 3,500፤ ከ4,000 ማለፍ የለበትም፣ ማለትም ለአንድ ተጨማሪ ፍሬ ብቻ ቦታ አለ። አንድ ቀን ትኩሳቱ ብሶባቸው ሁለት ቢጨምሩ አልፈው ነበር። ሁለት የሚያደርቁና የሚያስተኙ የአለርጂ መድኃኒቶች በአንድ ላይ።

ልጅቷ የደመርኩትን አይታ «ታዲያ የአክታው ነው ይሄን ያደረገው?» አለችኝ። ሁሉም የሚደርስበት ድምዳሜ ይህ ነው። የአክታው መድኃኒት ከሁሉም ንፁሕ ነበር። ልብ ያስሮጡት ሳልቡታሞልና ሱዶኤፌድሪን ናቸው። ግፊቱን በዋናነት ያወጣው ሱዶኤፌድሪን ነው። ሽንቱን የዘጋው ግን የሁለት ወገን ሥራ ነው፤ ዳይፈንሃይድራሚንና ክሎርፌኒራሚን ፊኛው እንዳይጨመቅ ያደነዝዙታል፣ ሱዶኤፌድሪን ደግሞ የፊኛውን አንገት ያጠብቀዋል። ፕሮስቴቱ ያላደገ ሰው ይህንን ሊችለው ይችላል። በራቸው አስቀድሞ የጠበበ ሰው አይችሉትም። ከፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው «ለሳልና ለአክታ» ሦስቱም ጠርሙስ ላይ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ከኋላ፣ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቁ በተጻፈችው የይዘት መስመር ላይ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደቃቅ ፊደል የለቀሙት ሰውዬ ያቺን መስመር አላነበቧትም። «እንግሊዝኛው ለናንተ የተጻፈ መስሎኝ» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

የደመርኩበትን ወረቀት ከነጠርሙሶቹ ፌስታሉ ውስጥ መልሼ፣ ታክሲ አስጠርቼ፣ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ላክኋቸው። ቀን ሙሉ አልወጣልኝም። የቀረውን የነገረችኝ ልጃቸው ናት፤ ቱቦ ተደረገላቸው፣ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ሽንት ወጣ፣ ሁሉም ሽሮፕና የጉንፋን ክኒን ቆመ። በማግስቱ ግፊታቸው 148 በ86 ደረሰ፣ የልብ ምታቸው ከ90 በታች ወረደ፣ መንቀጥቀጡ ጠፋ። ለፕሮስቴታቸው ታምሱሎሲን የሚባል መድኃኒት ተጀመረ። በሦስተኛው ቀን ቱቦው ወጥቶ በራሳቸው ሸኑ። «እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም» ይላሉ ራሳቸው።

ሳሉስ? ሳሉ እንደነበረ ነው።

ከሆስፒታል ሲወጡ ልጃቸው ደውላ «አሞክሳሲሊን ብትሰጪኝስ? አክታው አረንጓዴ ሆኗል» አለች። ይህ ደግሞ ሌላው ነገር ነው። አክታ የሚያረነጉደው ነጭ የደም ሕዋሳት በውስጣቸው ካለው ኢንዛይም ነው፤ ቫይረስም ባክቴሪያም ሲኖር ይሆናል፣ ቀለሙ ብቻውን ምንም አይናገርም። ከጉንፋን በኋላ የሚከተል እርጥብ ሳል ሁለት ሦስት ሳምንት መቆየቱ የተለመደ ነው። ሰው ግን በአምስተኛው ቀን ይሰለቸዋል፣ ያኔ ነው ፌስታሉ የሚሞላው። አሞክሳሲሊኑን አልሰጠኋትም። ትንሽ አኮረፈችኝ።

ሰጥቻት የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ ቀን ቆጠርኩላት። ኅዳር 8 ከጀመረ ኅዳር 22 ሁለት ሳምንት ይሞላዋል። እዚህ አገር ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ ሌላ ምንም ባይኖርም፣ የሚመረመረው ለቲቢ ነው፤ ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ስንቱ ሰው ነው የአክታ ሽሮፕ እየቀያየረ ሁለት ወር የሚቆየው! ሽሮፑ አይገድለውም፣ ጊዜውን ነው የሚበላበት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራውም ሕክምናውም በነፃ ነው። «የጠዋቱን የመጀመሪያ አክታ፣ ምራቅ ሳይሆን ከደረት የወጣውን» አልኳት። ወሰደቻቸው። ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ታይቶ ነፃ ሆኑ፣ የደረት ራጅም ንፁሕ ነበር። በሐኪሙ ፈቃድ ጓይፈነሲኑን ብቻውን፣ በመለኪያ 10 ሚሊ ሊትር፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለአራት ቀን ወሰዱ፤ ከዚያ በላይ ግን ሙቅ ውኃና የእትዬን ጦስኝ ጠጡ። ታኅሣሥ ሲገባ ሳሉ ለቀቃቸው። ጓይፈነሲኑ ረድቷቸው ይሁን ቀኑ ደርሶ፣ እኔም እርሳቸውም አንከራከርም።

አንድ ነገር ግን ሳላነሣ አላልፍም፣ ያቺ ስኒ። ልጅቷ ቤት ገብታ መለኪያውን ስታየው ውስጡ ቀይ የሚያጣብቅ ነገር አገኘች። የአራት ዓመቷ ሕፃን ለአሻንጉሊቶቿ «ቡና» የምትቀዳው ከአያቷ ሽሮፕ ነበር። ቀምሳ ይሁን አይሁን አልታወቀም፤ ደህና ናት። ደውላ ስትነግረኝ ግን እጄ ቀዘቀዘ። ያ ሁለተኛው ጠርሙስ ሳልቡታሞል አለበት፣ ሦስተኛው ዳይፈንሃይድራሚን፤ ለትንሽ ልጅ ሁለቱም ቀልድ አይደሉም። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ ያስጠነቅቃል፤ አምራቾቹ ራሳቸው ከአራት ዓመት በታች አትስጡ ብለው ጻፉ። ዓመት ለሞላው ልጅ ማር ይሻለዋል፤ ዓመት ላልሞላው ግን ማርም አይሰጥም፣ ቦቱሊዝም የሚባል መመረዝ ሊያመጣ ይችላልና።

በ2022 እ.ኤ.አ. በጋምቢያ የሆነውን ደግሞ እኛ ባለሙያዎቹ አንረሳውም። ወደ 70 የሚሆኑ ሕፃናት በሳልና በትኩሳት ሽሮፕ ኩላሊታቸው ቆሞ ሞቱ። ሽሮፑ ውስጥ የተገኘው ዳይኢቲሊን ግላይኮልና ኢቲሊን ግላይኮል፣ ለኢንዱስትሪ የሚያገለግሉ መርዞች ነበሩ፤ ጣፋጩን ፈሳሽ ከሚሠሩበት ግብአት ጋር የገቡ። በዚያው ዓመት ኢንዶኔዥያና ኡዝቤኪስታንም ተደገመ። ስለዚህ ጠርሙሱ የት እንደተሠራ፣ የምርት ቁጥሩና ማብቂያው መኖሩን፣ ሽፋኑ አለመከፈቱን ሳላይ ለእናት አልሰጥም፤ ከሻንጣ ወጥቶ በመንገድ የሚሸጥ ሽሮፕ ደግሞ ርካሽ መሆኑ ራሱ ነው የሚያስፈራው።

የዚያኑ ሳምንት ቢጫውን የመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያ ቅጽ ሞልቼ ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ላክሁ። ቅጹን ለባለሙያ ነው የምንለው፤ ማንም ሰው ግን በነፃ መስመራቸው በ8482 ደውሎ መናገር ይችላል። «ምን ሊያደርጉት» ይሉኛል ባልደረቦቼ። ምን እንደሚያደርጉት አላውቅም፤ ያልተላከ ቅጽ ግን ምንም እንደማይሆን አውቃለሁ። በእኛ በኩል «ማንኪያ» የምትለውን ቃል ከጠርሙስ ላይ አጠፋናት፤ «10 ሚሊ ሊትር፣ በመለኪያው» ብለን እንጽፋለን፣ መለኪያው ላይም በማርከር መስመር እናሰምራለን። ግፊት፣ ፕሮስቴት፣ ግላኮማ፣ አስም ካለ እንጠይቃለን፣ ሌላ ምን እየወሰዱ እንደሆነም። ሰልፉ ሲረዝም አሁንም እንረሳለን። እኔም ባለፈው ሳምንት ረስቼ አንዱን ከበር ጠርቼ መልሼዋለሁ።

ጋሼ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አምሎዲፒናቸውን ሊወስዱ መጡ። አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው የሣጥኑን ጀርባ ፊደል በፊደል ለቀሙት፤ አም፣ ሎ፣ ዲ፣ ፒን። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ፣ ታጥቦ የነጻ መለኪያ።

«ከልጅቷ በግድ ነው የወሰድኩት» አሉኝ። «ስኒዬን ወሰደብኝ ብላ እስከ ማታ ስታለቅስ ዋለች።»

ከመደርደሪያው ሥር ያሉትን ሣጥኖች ፈታትሼ፣ ከተሰበረ ጠርሙስ የተረፈ፣ ምንም ያልነካው መለኪያ አገኘሁና ሰጠኋቸው።